በሐኪም ቤት ማን ያስተርጉም?

በናይሮቢ አንዳንድ ተማሪዎቻችን ከክፍል አስፈቅደው የሚሄዱት ሐኪም ቤት ለእናታቸው ለማስተርጐም ነው። እናት አማርኛ፣ ነርሷ ስዋሂሊና እንግሊዝኛ፤ መካከል ላይ የ13 ዓመት ልጅ። የዓለም አቀፉ የነርሶች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1953 ያጸደቀው የሥነ ምግባር ደንብ ነርሶች የታማሚን ምስጢር እንዲጠብቁ ያዛል። ልጅ እየሰማ ግን ምን ምስጢር አለ? እናት የማሕፀኗን ሕመም በልጇ ፊት አትናገርም። ልጁም መርዶ በድንገት እንደማይነገር እያየ ስላደገ፣ ክፉ ውጤት ሲሰማ «ደኅና ነሽ» ይላታል። ነርሷ አስረድቻለሁ ብላ ታስፈርማለች፤ እናት ምን እንደፈረመች አታውቅም።

ካርድ ለማውጣትና ቀጠሮ ለመያዝ ልጅ ይበቃል። ለምርመራ ውጤትና ለቀዶ ሕክምና ፈቃድ ግን ወላጆች አዋቂ አስተርጓሚ እንዲጠይቁ እናሳስባለን። ጎረቤት ከሆነም ወሬ የማያወጣ ይሁን፤ ሰፈራችን ትንሽ ናት።