ማሸነፉን ያልሰማው ራስ

ክረምቱን ቤተሰብ ዘንድ ልከርም ታች ጋይንት የገባሁ ጊዜ፣ ማታ እሳት ዳር ቁጭ ብለን አባቴ «ለመሆኑ ልጄ፣ ዘንድሮ ያስተማሯችሁ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «ኦፕሬቲንግ ሲስተም» ብዬ መልሼ ዝም ማለት ነውር መሰለኝ። ጥቂት አሰብኩና «የኮምፒውተሩ አጋፋሪ ነው፣ አባዬ» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ወዲህ ይህን ትምህርት ለማንም ሳስረዳ ከዚያ ምሳሌ አልወጣሁም።

ሠርግ ቤት ዳሱ ሙሉ ሰው ነው። ሁሉም ይርበዋል፣ ሁሉም ይጠማዋል፤ ግን ጓዳ ገብቶ ከድስቱ የሚጨልፍ እንግዳ የለም። የፈለገ አሳላፊውን ይጠራል። ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ማን ቀድሞ እንደሚስተናገድ አጋፋሪው ያውቃል። በስልካችንና በላፕቶፓችን ውስጥም እንደዚሁ ነው። ቴሌግራሙ፣ ካሜራው፣ ሙዚቃው እንግዶች ናቸው፤ ፕሮሰሰሩ፣ ሚሞሪውና ዲስኩ ጓዳ ያለው ድግስ ነው። አንድ ፕሮግራም ፋይል ሲከፍት ዲስኩን ራሱ አይነካም። ከርነል የሚባለውን የኦፕሬቲንግ ሲስተሙን እምብርት ይጠይቃል፤ ጥያቄው ሲስተም ኮል ይባላል። ከርነሉ ፈቃዱን አይቶ ያቀርብለታል፣ ወይም ይከለክለዋል። አንድ ፕሮሰሰር ብቻ ያለው ማሽን እንኳ ሙዚቃ እያጫወተ የሚያጽፈን፣ አሳላፊው ለአንዱ እንግዳ ጥቂት ሚሊሰከንድ ሰጥቶ ወደሚቀጥለው ስለሚሮጥ ነው። ሩጫው ከመፍጠኑ የተነሣ እያንዳንዱ እንግዳ ዳሱ ለእሱ ብቻ የተጣለ ይመስለዋል።

አባቴ ይህን ሰምተው አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ፦ «ዳሱ ሁለት ቦታ ቢጣልስ? አንዱ ሰፈር ያለው አጋፋሪ የሌላውን በምን ያውቃል?» መልስ አልነበረኝም። መልሱ ለካ ገና ያልደረስኩበት ሌላ ኮርስ፣ ዲስትሪቢዩትድ ሲስተም፣ ነበር።

ከነፋስ መውጫ፣ ከአርብ ገበያ፣ ከስማዳ ወገዳ ወይም ከእስቴ መካነ ኢየሱስ ይህን ትምህርት ፈልጎ ለሚነሣ ልጅ ቅርቡ ዩኒቨርሲቲ ደብረ ታቦር ነው። ኮምፒውተር ሳይንስ በአገራችን አራት ዓመት ይወስዳል፤ ተማሪው በአጭሩ «ኦኤስ» የሚለው ኮርስ መሐል ላይ፣ ዲስትሪቢዩትድ ሲስተም ደግሞ ወደ መጨረሻው ይመጣል። ኦኤስ በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረው የመውጫ ፈተና ውስጥ ስላለ ብዙ ልጅ ይቸክለዋል። መቸከሉን አልነቅፍም፤ ፈተና ማለፍ አለበት። ነገር ግን ይህ ትምህርት የሚገባው እጅ ሲነካው ነው። ለመንካት ደግሞ የሚከለክል ነገር የለም። ሊኑክስን እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሊኑስ ቶርቫልድስ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። መነሻ የሆነው ሚኒክስም አንድሩ ታነንባውም እ.ኤ.አ. በ1987 ለማስተማሪያ ብሎ የጻፈው ሥርዓት ነው። የሊኑክስ ኮድ ዛሬም ለማንም ክፍት ነው። አንድሮይድ የተሠራው በሊኑክስ ከርነል ላይ ስለሆነ፣ ነፋስ መውጫ ገበያ ውስጥ በሚደውለው አንድሮይድ ስልክ ሁሉ ውስጥ አለ።

ላብ ውስጥ መጀመሪያ ያስደነገጠኝ ፕሮግራም ሃያ መስመር አይሞላም። አንድ ቆጣሪ አለ፣ ከዜሮ ይነሣል። ሁለት ትሬዶች፣ ማለትም ጎን ለጎን የሚሠሩ ሁለት ሠራተኞች፣ እያንዳንዳቸው ቆጣሪው ላይ አንድ ሚሊዮን ጊዜ አንድ ይደምራሉ። ውጤቱ 2,000,000 መሆን አለበት። አስነሣሁት፤ አንድ ሚሊዮን ሦስት መቶ ሺህ ገደማ ወጣ። ደገምኩት፤ ሌላ ቁጥር። ደግሜ ደጋግሜ ሞከርኩ፤ አንድም ጊዜ ሁለት ሚሊዮን አልሞላም። ኮዱ ላይ ስሕተት ፍለጋ አንድ ሰዓት ፈጀሁ። ስሕተቱ ግን በሁለቱ ሠራተኞች መካከል ነበር። «አንድ ደምር» ለእኛ አንድ ቃል ነው፤ ለማሽኑ ግን ሦስት ሥራ ነው፦ ቁጥሩን አንብብ፣ ደምር፣ መልሰህ ጻፍ። አንደኛው 41ን አንብቦ ሳይጽፍ ሁለተኛውም 41ን ያነባል፤ ሁለቱም 42 ብለው ይጽፋሉ። ሁለት ጊዜ ተደምሮ አንድ ብቻ ጨመረ።

ይህ የላብ ጨዋታ አይደለም። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች በአንድ ሌሊት ከሂሳባቸው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ችለው ነበር። ከእነሱ ውስጥ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ብዙ ነበሩ፤ ገንዘቡም ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ እንደነበር ተነግሯል። ባንኩ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነና ከሲስተም ማሻሻያ ጋር የተያያዘ ችግር እንደነበር ገልጿል። ሂሳብ ማየትና ገንዘብ መቀነስ የማይነጣጠል አንድ ድርጊት መሆን አለበት የሚለው የመማሪያ መጽሐፉ ገጽ፣ ከዚያ ሌሊት በኋላ በተማሪው ዘንድ ክብደቱ ሌላ ሆነ።

መድኃኒቱ መቆለፊያ ነው፤ አንዱ ሲጽፍ ሌላው ይጠብቃል። ኤድስገር ዳይክስትራ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ያሰበው ሴማፎር ለዚህ የቆመ በረኛ ነው። መቆለፊያው ግን የራሱን በሽታ ይዞ ይመጣል። ሁለት ገበሬዎች አስቡ። ጠዋት ለማረስ ቀንበርም ሞፈርም ይፈልጋሉ፤ መንደሩ ውስጥ ያለው ግን አንድ ቀንበርና አንድ ሞፈር ነው። አንዱ ቀንበሩን ይዞ ሞፈሩን ይጠብቃል፣ ሌላው ሞፈሩን ይዞ ቀንበሩን ይጠብቃል። ማንም አይለቅም፤ ፀሐይ ትጠልቃለች። ዴድሎክ የሚባለው ይህ ነው። ኮምፒውተሩ አልተበላሸም፣ ግን ተገትሯል። ከመፍትሔዎቹ አንዱ የሽማግሌ ሥርዓት የሚመስል ነው፦ ማንም ሰው መጀመሪያ ቀንበሩን ሳይዝ ሞፈሩን እንዳይነካ መስማማት። ቅደም ተከተሉ ለሁሉም አንድ ከሆነ ክብ የሆነ ጥበቃ ሊፈጠር አይችልም።

እስካሁን ያወራነው ስለ አንድ ዳስ ነው። የአባቴ ጥያቄ መልስ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው፤ የአገሬ ሰው ደግሞ መልሱን የሚያይበት ታሪክ እዚያው ደብረ ታቦር ላይ አለው።

በ1834 ዓ.ም. የሰሜኑና የትግራዩ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያምና የበጌምድሩ ራስ ዓሊ ደብረ ታቦር ላይ ተዋጉ። ውቤ የጠመንጃ ብልጫ ነበራቸው፤ የራስ ዓሊ ጦር ተፈታ፤ ራስ ዓሊም ሸሹ። ውቤ ድል አድርገው ሲደሰቱ፣ የዓሊ ወገን የነበሩት ብሩ አሊጋዝ ድንገት ደርሰው ማረኳቸው። ያ ቀን ሲመሽ ማን ነው ያሸነፈው? ያሸነፉት ሰው ታስረዋል፤ የተሸነፉት ሰው ደግሞ ማሸነፋቸውን ሳይሰሙ እየሸሹ ነው። ወሬው እስኪደርሳቸው ድረስ ራስ ዓሊ በራሳቸው ዕውቀት የተሸነፉ ሰው ነበሩ። መረጃቸው የተሳሳተ አልነበረም፤ የቆየ ነበር።

ዲስትሪቢዩትድ ሲስተም ማለት ብዙ ማሽኖች በመልእክት ብቻ እየተገናኙ እንደ አንድ የሚሠሩበት ሥርዓት ነው። አንዱ የሌላውን ሚሞሪ አያይም፤ መልእክት ይዘገያል፣ ይጠፋል፣ ሁለት ጊዜም ይደርሳል። ዝም ያለ ማሽን ሞቶ ይሁን ወይስ መንገዱ ዘግይቶበት ከሩቅ ሆኖ መለየት አይቻልም። ከዚህ የባሰ የለም። ፊሸር፣ ሊንችና ፓተርሰን እ.ኤ.አ. በ1985 ያረጋገጡት ይህንኑ የሚመለከት ነው፦ የመልእክት መዘግየት ገደብ ከሌለው፣ አንድ ማሽን እንኳ ሊሞት የሚችል ከሆነ፣ ሁልጊዜ ስምምነት ላይ ለመድረስ ዋስትና የሚሰጥ ቁርጥ ያለ ስልት የለም። ተማሪ ይህን ሲሰማ ተስፋ ይቆርጣል። መቁረጥ የለበትም፤ ዋስትና የለም ማለት በተግባር አይሠራም ማለት አይደለም።

ሰዓትም አያግዝም፤ የሁለት ማሽን ሰዓት ፈጽሞ አንድ አይሆንም። ሌዝሊ ላምፖርት እ.ኤ.አ. በ1978 ሰዓቱን ተውት ያለበት ጽሑፍ እኔ ካነበብኳቸው ሁሉ የምወደው ነው። ከጉና ተራራ ወዲህና ወዲያ ያሉ ሁለት እረኞች ዝናቡ ማን ዘንድ ቀድሞ እንደጣለ ሊጨቃጨቁ ይችላሉ። አንዱ ለሌላው መልእክት ከላከ ግን መላኩ ከመቀበሉ በፊት መሆኑን ለማወቅ ሰዓት አያስፈልግም። ላምፖርት በዚህ ላይ ቆሞ ለእያንዳንዱ ማሽን ተራ ቆጣሪ ሰጠው፤ ቆጣሪው ከመልእክቱ ጋር ይሄዳል፤ ተቀባዩ ከራሱና ከመጣለት ቁጥር ትልቁን ወስዶ አንድ ይጨምራል። ከምክንያቱ ቀድሞ የሚቆጠር ውጤት አይኖርም።

ብዙ ቅጂ ያለውን ነገር አንድ አድርጎ መጠበቅን በተመለከተ ግን ጋይንት ለዓለም የምታሳየው ነገር አላት። እዚያ ያለችው ቤተልሔም የድጓ፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያን ዜማ፣ ማስመስከሪያ ናት። ድጓ በየአድባራቱ ይሰጣል፤ እያንዳንዱ መምህር በቃሉ የያዘው ዜማ አንድ ቅጂ ነው፤ ቅጂ ደግሞ በዘመን ብዛት ይለያያል፣ አንዲት ምልክት ትወድቃለች፣ አንዱ ድምፅ ይረዝማል። ስለዚህ ሌላ ቦታ የተማረ ሰው ቤተልሔም መጥቶ፣ እንደገና ዘልቆ፣ ታርሞ፣ አስመስክሮ ይመለሳል። ዝማሬ መዋሥዕት ለሚባለው ዜማም ዙር አባ እንዲሁ ናት። በእኛ ትምህርት ቋንቋ ይህ ሁሉም ቅጂ ከአንድ መሪ ጋር የሚስተካከልበት ሥርዓት ነው። ከጥቅሙ ጋር ዋጋውም አብሮ አለ፤ ቅጂው እውነተኛ እንዲሆን ተማሪው ረጅሙን መንገድ መሄድ አለበት፣ መንገዱ ከተዘጋ ደግሞ ይጠብቃል።

መንገድ ሲዘጋ ምን ይደረግ የሚለውን ኤሪክ ብሩወር እ.ኤ.አ. በ2000 አነሣው፤ ጊልበርትና ሊንች በ2002 አረጋገጡት። ግንኙነት ሲቆረጥ ማሽኑ ወይ «አላስተናግድም» ይላል፣ ወይ ባለው አሮጌ መረጃ ያስተናግዳል፤ ሁለቱንም ባንዴ ማዳን አይችልም። ይህን ለአማራ ክልል ተማሪ በስላይድ ማስረዳት አያስፈልግም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ለወራት የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ሲቆይ፣ ገንዘብ ልኮ መድረስ አለመድረሱን ሳያውቅ ያደረ ሰው ያውቀዋል።

በዚያን ጊዜም ቢሆን ይህን ኮርስ ያለ ኢንተርኔት መማር ይቻል ነበር፤ በርትተው የተማሩትን አውቃለሁ። አንድ ላፕቶፕ ላይ ሦስት ቨርቿል ማሽን ታስነሣለህ፤ እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ ኮምፒውተሮች ይመስላሉ። ኦንጋሮና ኦስተርሃውት እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጡትን ራፍት የተባለ የስምምነት ስልት ትጭንባቸዋለህ። አንዱ መሪ ይሆንና «አለሁ፣ አለሁ» እያለ ለሁለቱ መልእክት ይልካል። አሁን የመሪውን ግንኙነት ቁረጥ። ሁለቱ ጥቂት መቶ ሚሊሰከንድ ይጠብቃሉ፤ የጥበቃቸው ርዝመት ሆን ተብሎ በዕጣ የተለያየ ነው፣ ሁለቱ ባንዴ እንዳይነሡ። ቀድሞ የነቃው የመሪነት ዘመን ቁጥሩን በአንድ ከፍ አድርጎ «ምረጠኝ» ይላል፤ ከሦስት ሁለት ድምፅ አብላጫ ነውና መሪ ይሆናል። ሥራው ይቀጥላል፤ መዝገቡ ይጻፋል።

የተቆረጠው ግን ይህን አልሰማም። ለብቻው ሆኖ አሁንም መሪ ነኝ ይላል፣ ትእዛዝም ይቀበላል፤ አብላጫ ስለሌለው አንዱንም ማጽደቅ አይችልም። ገመዱን መልሰህ ስትሰካው የመጀመሪያው መልእክት ይደርሰዋል፤ መልእክቱ ላይ ያለው የዘመን ቁጥር ከእሱ ይበልጣል። ወዲያው ከመሪነቱ ይወርዳል፣ ያልጸደቀውን የራሱን መዝገብ ይፍቃል፣ እሱ በሌለበት የተጻፈውን ከአዲሱ መሪ ተቀብሎ መስመር በመስመር ይገለብጣል። ይህን በስክሪኑ ላይ ሲያልፍ ባየሁ ቁጥር፣ ከሽሽታቸው ላይ ወሬ ነጋሪ የደረሰላቸው ራስ ዓሊ ትዝ ይሉኛል።