እውነት ወይስ ተረት? ስለ ዳግላስ አዳምስ የጠፈር ቀልድ የሚባለውና የሆነው

አንዳንድ መጽሐፍ ከሚነበበው ይልቅ የሚወራለት ይበልጣል። የእንግሊዛዊው ደራሲ የዳግላስ አዳምስ «ዘ ሂችሃይከርስ ጋይድ ቱ ዘ ጋላክሲ» ከእነዚህ አንዱ ነው። ርእሱ፣ መንገድ ዳር ቆሞ ሊፍት እየጠየቀ ጋላክሲን ለሚዞር መንገደኛ የተዘጋጀ መመሪያ እንደ ማለት ነው። አርተር ዴንት የተባለ ተራ እንግሊዛዊ አንድ ሐሙስ ጠዋት ሲነቃ ቤቱን ለመንገድ ሥራ የሚያፈርስ ቡልዶዘር ደጁ ቆሟል። በዚያው ዕለት ምድር ራሷ ለጠፈር አውራ ጎዳና ሲባል ትፈርሳለች። አርተርን የሚያተርፈው ፎርድ ፕሪፌክት ነው፤ ለካ ይህ ወዳጁ የሌላ ዓለም ሰው ኖሯል። ሁለቱም ምድርን ባፈረሰው መርከብ ላይ ተደብቀው ይሳፈራሉ።

ስለዚህ መጽሐፍ አንባቢዎች የሚሰጡት ፍርድ ሰማይና ምድር ነው። አንዱ «እንደዚህ ያሳቀኝ የለም» ሲል ሌላው «ሠላሳ ገጽ ሳልደርስ አስቀመጥኩት» ይላል። መውደድና መጥላት የአንባቢው መብት ነው፤ በዚያ ላይ የምከራከረው የለኝም። የሚቆጨኝ ብዙው ፍርድ በተሳሳተ ወሬ ላይ መቆሙ ነው። ስለዚህ ደጋግሜ የምሰማቸውን እያነሣሁ እውነቱን ከተረቱ ልለይ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«መጀመሪያ መጽሐፍ ነበር፤ ሬዲዮውም ፊልሙም ከመጽሐፉ ተወሰዱ»

ተረት። የሌሎቹ ስሕተቶች ሁሉ እናት ይህ ስለሆነ ከዚህ ልጀምር።

ሥራው የተወለደው በሬዲዮ ነው። የመጀመሪያው ክፍል በቢቢሲ ሬዲዮ 4 የተላለፈው መጋቢት (ማርች) 8 ቀን 1978፣ ረቡዕ ማታ አራት ሰዓት ተኩል ላይ፣ አብዛኛው ሰው ሊተኛ ሲል ነበር። የመጀመሪያው ዙር ስድስት ክፍሎች ነበሩት። መጽሐፉ ከዓመት ተኩል በኋላ፣ በጥቅምት (ኦክቶበር) 1979 በፓን አሳታሚ ወጣ፤ በሦስት ወር ውስጥም 250,000 ቅጂ ተሸጠ። እኛ በኢትዮጵያ የምናውቀው ተቃራኒውን መንገድ ነው፤ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክልን መጽሐፉ ቀድሞ ነበር። የአዳምስ ገጸ ባሕርያት ግን ከወረቀት በፊት ድምፅ ነበራቸው። እንዲያውም የአርተር ዴንት ሚና የተጻፈው ተዋናዩን ሳይመን ጆንስን ታስቦ ነው።

የመጀመሪያው ልብወለድ የያዘው የሬዲዮውን አራት ክፍሎች ታሪክ ያህል ብቻ ነው። አዳምስ በዚያው ሰሞን ለቴሌቪዥኑ «ዶክተር ሁ» ድርሰት ይጽፍ ስለነበር ጊዜ አጥሮት አምስተኛውንና ስድስተኛውን ክፍል ከጓደኛው ከጆን ሎይድ ጋር ጻፋቸው፤ ወደ መጽሐፍ ሲመልሳቸው ሎይድ የጻፈውን አብዛኛውን ተወው። ከዚያ በ1981 የቴሌቪዥን ተከታታይ፣ በ1984 የኮምፒውተር ጨዋታ፣ በ2005 ፊልም መጣ። በየጊዜው ታሪኩን የሚለዋውጠው አዳምስ ራሱ ነበር። «ፊልሙ መጽሐፉን አበላሸው» የሚሉ አንባቢዎች ይህን ቢያውቁ መልካም ነው፤ የፊልሙን ድርሰት እስከ ሞተበት ቀን ድረስ ሲጽፈው የነበረው አዳምስ ነው፤ በመጽሐፉ ውስጥ የሌሉትን አንዳንድ ነገሮችም ለፊልሙ ብሎ የፈጠራቸው እሱ ነው። መጽሐፉን መለኪያ አድርጎ ሌላውን በእሱ መስፈር እዚህ አይሠራም።

«ታሪኩ ውል የለውም፤ መጨረሻውም ድንገት ይቆረጣል»

ግማሹ እውነት ነው። አዳምስ ሬዲዮውን ሲጽፍ ቀጣዩ ክፍል የት እንደሚደርስ ራሱም አያውቅም ነበር፤ ዛሬ ገጸ ባሕርያቱን ገደል አፋፍ ላይ ያቆማቸዋል፣ ማውረጃውን ነገ ያስብበታል። ለምሳሌ አርተርና ፎርድ ከመርከቡ ወደ ባዶ ጠፈር የሚጣሉበትን ቦታ እንይ። መጽሐፉ እንደሚለው ሳንባን በአየር ሞልቶ ሠላሳ ሰከንድ ያህል መቆየት ይቻላል፤ በዚያች ቅጽበት ሌላ መርከብ በአጠገባቸው የማለፉ ዕድል ግን ከምንም አይቆጠርም። አዳምስ እዚህ ላይ ተጣበቀ። በኋላ እንደተናገረው፣ መውጫውን ያገኘው ስለ ጁዶ የሚያስረዳ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ሲመለከት ነው፤ በጁዶ ተጋጣሚን የሚጥሉት በራሱ ክብደት ነው። ችግሩ የመዳን ዕድላቸው ኢምንት መሆኑ ከሆነ፣ በዚያው በኢምንት ዕድል የሚንቀሳቀስ መርከብ ይምጣ አለ። መርከቡ በ29ኛው ሰከንድ ደርሶ አነሣቸው። የመጽሐፉ ዝነኛ ፈጠራ የተገኘው ጸሐፊው ማጥ ውስጥ በገባበት ሰዓት ነው ማለት ነው።

መጨረሻውም በእርግጥ የተቆረጠ ነው። አዳምስ ራሱ ሲናገረው፣ የማስረከቢያው ቀን ደጋግሞ ካለፈ በኋላ አሳታሚዎቹ ደውለው «አሁን የያዝከውን ገጽ ጨርስና ላክልን» አሉት። ታሪኩ በሌሎች መጻሕፍት ቀጥሏል፤ ለአራተኛው መጽሐፍ ደግሞ አርታኢው ሶኒ ሜታ ሆቴል ይዞ አብሮት እየዋለ አስጻፈው። እንግዲህ «ታሪኩ ይንገዋለላል» የሚል አንባቢ ያየውን አይቷል። «ስለዚህ በግዴለሽነት የተጻፈ ነው» ሲል ግን ይስታል። አዳምስ ዓረፍተ ነገርን እንደ ብረት ቀጥቃጭ ደጋግሞ ወደ እሳት የሚመልስ ሰው ነበር፤ መዘግየቱም ከዚያ የመጣ ነው። የሚያመልከው ጸሐፊ ፒ. ጂ. ዉድሃውስ ነበር፤ ከእሱም የተማረው ሳቅ በቃላት ቅደም ተከተል ላይ እንደሚቆም ነው። ይህን መጽሐፍ ለሴራው ብሎ የሚያነብ ሰው የተሠራበትን ነገር አልፎት ይሄዳል። ጮክ ብሎ አንድ ገጽ ያንብብ፤ ለጆሮ እንደተጻፈ ያኔ ይገባዋል።

«42 የተደበቀ ምስጢር አለው»

ተረት፤ ደግሞም እልኸኛ ተረት። በታሪኩ ውስጥ ዲፕ ቶት የተባለ ግዙፍ ኮምፒውተር የሕይወትን፣ የዓለማትንና የሁሉን ነገር ጥያቄ እንዲመልስ ታዝዞ ሰባት ሚሊዮን ተኩል ዓመት ያስባል፤ ከዚያ 42 ብሎ ይመልሳል። አንባቢዎች ከዚህ ቁጥር ያልቀዱት ጥበብ የለም። አንዱ የኮምፒውተሮችን የሁለትዮሽ አቆጣጠር ያነሣል፣ ሌላው የቲቤት መነኮሳትን፣ ሌላው በዚህ ቁጥር የተማረከውን ደራሲ ሌዊስ ካሮልን። ከሁሉ የሚጥመው የሒሳብ አዋቂዎቹ ነው። በሁለተኛው መጽሐፍ ስድስት በዘጠኝ ሲባዛ 42 ይሆናል ይባላል፤ እኛ በምንቆጥርበት ስሌት 54 ነው፤ በአሥራ ሦስት መሠረት ከቆጠርን ግን በእርግጥ 42 ተብሎ ይጻፋል። ስሌቱ ልክ ነው፤ አዳምስ ግን አላሰበውም።

በ1993 ተጠይቆ መልሱን በግልጽ ሰጥቷል። ቀልድ ነው፤ ቁጥሩ ተራና አነስ ያለ መሆን ነበረበት፤ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ወደ አትክልት ቦታው ሲመለከት 42 ይበቃል ብሎ ጻፈው፤ በቃ። በ2019 አንድሩ ቡከርና አንድሩ ሰዘርላንድ የተባሉ የሒሳብ ሊቃውንት 42ን የሦስት ሙሉ ቁጥሮች ኩብ ድምር አድርገው መጻፍ ቻሉ፤ በዚያ እንቆቅልሽ ከመቶ በታች ሳይፈታ የቀረው የመጨረሻው ቁጥር እሱ ነበር። ደስ የሚል ግጥምጥሞሽ ነው፤ ከግጥምጥሞሽ ግን አያልፍም።

ሌላም ስሕተት አለ፤ «የሕይወት ትርጉም 42 ነው ይላል» የሚሉ ብዙ ናቸው። መጽሐፉ እንዲህ አይልም። ኮምፒውተሩ መልሱን ከሰጠ በኋላ ጠያቂዎቹን የሚያስረዳቸው፣ ጥያቄያችሁ ምን እንደሆነ እናንተም አታውቁትም ብሎ ነው። ጥያቄውን ለማግኘት ከእሱ የበለጠ ኮምፒውተር ይሠራል፤ ያ ኮምፒውተር ምድር ናት። አሥር ሚሊዮን ዓመት ሠርታ ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ያፈርሷታል። ለእኔ የመጽሐፉ ጥልቁ ቦታ ይህ ነው፤ ጥያቄያቸውን ሳያውቁ መልስ ለመቀበል የተሰለፉ ሰዎች። ቁጥሩን የሚመረምር አንባቢ ዓይኑን ከእነዚህ ሰዎች ላይ ያነሣል።

«ሐሳቡ የመጣለት ሰክሮ ሜዳ ላይ ተኝቶ ከዋክብትን ሲያይ ነው»

ምናልባት። በ1971 በኦስትሪያ ኢንስብሩክ ከተማ፣ አውሮፓን በሊፍት ለሚዞሩ የተዘጋጀ መመሪያ ይዞ ሜዳ ላይ ተጋድሞ፣ ለጋላክሲውም እንዲህ ያለ መጽሐፍ ቢኖር ብሎ ማሰቡን አዳምስ ነው ያወራው። በኋላ ግን ታሪኩን ከመደጋገሙ የተነሣ የሚያስታውሰው ማውራቱን እንጂ ድርጊቱን እንዳልሆነ ራሱ ተናግሯል። ምስክሩ ይህን ካለ እኛ መማል የለብንም።

«ቀልዱ እንግሊዛዊ ላልሆነ ሰው አይገባም»

በጥቂት ቦታ እውነት፣ በብዙው ተረት። የፎርድ ፕሪፌክት ስም በእንግሊዝ አገር መንገድ ላይ የሚታይ የመኪና ስም ነበር፤ ከሌላ ዓለም የመጣው ሰው የማይታወቅበት መስሎት መረጠው። መኪናውን ያላየ አንባቢ ይህ ያመልጠዋል። እንዲህ ያለው ግን ጥቂት ነው።

ዋናውን ቀልድ እንይ። አርተር ቡልዶዘሩ ፊት ጭቃ ላይ ተኝቷል። ከአስተዳደሩ የመጣው ሹም የማፍረሻው ዕቅድ ለሕዝብ ክፍት እንደነበረ፣ አርተር ቅሬታ ማቅረብ የሚችልበት ጊዜም እንዳለፈ ይነግረዋል። አርተር ዕቅዱን ያየው እንዴት ነበር? ምድር ቤት መውረድ ነበረበት። መብራት አልነበረም፤ ደረጃውም አልነበረም። ዕቅዱ የተቀመጠው በተቆለፈ የፋይል ካቢኔ ታችኛው መሳቢያ፣ ካቢኔው ደግሞ አገልግሎት ባቆመ ሽንት ቤት ውስጥ፣ በሩም ላይ ነብር አለ ብሎ የሚያስፈራራ ማስታወቂያ ተለጥፎበት። ከጥቂት ገጾች በኋላ ምድርን ሊያፈርሱ የመጡት ቮጎኖች ለሰው ልጅ ሁሉ የሚሰጡት መልስ ይኸው ነው፤ ዕቅዱ አልፋ ሴንቶሪ በሚገኘው ቢሮ ለሃምሳ ዓመት ተለጥፎ ነበር፣ ማን አትመልከቱ አላችሁ?

ለአንድ ፊርማ ከቢሮ ቢሮ ተመላልሶ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» የተባለ ሰው እዚህ ላይ አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ቮጎኖች ክፉዎች እንኳ አይደሉም፤ ሥርዓቱን ተከትለናል ብለው የሚያምኑ ሠራተኞች ናቸው። የማያዳምጥ ደንብ በሰው ላይ የሚያደርሰውን ግፍ እንዲህ አጥርቶ ያሳየኝ ጽሑፍ ጥቂት ነው፤ ያውም እያሳቀ።

«ለሳይንስ ልብወለድ ሱሰኞች ብቻ የተጻፈ ነው»

ተረት። ቢቢሲ በ2003 የእንግሊዝ አገር ሰዎች የሚወዱትን ልብወለድ በድምፅ ሲያስመርጥ ከቶልኪን፣ ከጄን ኦስተንና ከፊሊፕ ፑልማን ቀጥሎ አራተኛ የወጣው ይህ መጽሐፍ ነው። ይህን ያህል ድምፅ ከአንድ የአንባቢ ጎራ ብቻ አይሰበሰብም።

«አዳምስ የሚቀልደው ዓለም ስለማያሳስበው ነው»

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ተረት ይህ ነው። የሚሉት ሰዎች አምስተኛውን መጽሐፍ ይጠቅሳሉ፤ በ1992 የወጣው «ሞስትሊ ሃርምለስ» በእርግጥ ጨለማ ነው። አዳምስም አልካደም፤ የከበደ ዓመት ላይ እንደጻፈውና በስድስተኛ መጽሐፍ ሊያቃናው እንደሚፈልግ ተናግሯል። አልደረሰለትም፤ ግንቦት (ሜይ) 11 ቀን 2001 በካሊፎርኒያ በድንገተኛ የልብ ሕመም ሞተ፤ 49 ዓመቱ ነበር። ስድስተኛውን በ2009 ኦይን ኮልፈር የተባለ ሌላ ደራሲ ጻፈው። ጨለማው የአዳምስ የመጨረሻ ቃል ሆኖ የቀረው ሞት ስለቀደመው ነው።

ልቡን ማየት የሚፈልግ አንባቢ በ1990 ከእንስሳት ተመራማሪው ከማርክ ካርዋርዲን ጋር ያሳተመውን «ላስት ቻንስ ቱ ሲ» ያንብብ። ሊጠፉ የተቃረቡ እንስሳትን ፍለጋ ማዳጋስካር፣ ኒውዚላንድ፣ ቻይናና ያኔ ዛየር ይባል የነበረው ኮንጎ ድረስ ሄደዋል። በያንግትዜ ወንዝ የፈለጉት ዶልፊን በ2006 በተደረገ አሰሳ አንድም አልተገኘም። በጋራምባ ፓርክ ካዩት የሰሜን ነጭ አውራሪስ ዘር ዛሬ በሕይወት ያሉት ሁለት ሴቶች፣ እናትና ልጅ ብቻ ናቸው፤ የሚኖሩትም ኬንያ ውስጥ ከጥበቃ ጋር ነው። አዳምስ ከሥራዎቹ ሁሉ አብልጦ የሚወደው ይህንን መጽሐፍ እንደሆነ ይናገር ነበር። ምድርን በቀልድ ባፈረሰበት መጽሐፍ ላይ የሚፈርድ ሁሉ፣ ምድርን ለማዳን የጻፈውንም አብሮ እንዲያነብለት እፈልጋለሁ።