ለሳንባ የታዘዘ፣ በቆዳ የታየ

በጋምቤላ ክልል ኑዌር ዞን፣ ባሮ ወንዝ አጠገብ ባለችው ማታር ከብቶች በክረምት የሚያድሩት ሉዋክ በሚባል ሰፊ የሣር ጎጆ ውስጥ ነው። ትንኝ እንዳይነካቸው ኩበት ይጨስላቸዋል። ጭሱ ከብቱን ከትንኝ ይገላግላል፤ አስም ያለበትን ሰው ግን ያፍነዋል። ሐኪም ለአስም ከሚያዛቸው መድኃኒቶች አንዱ ቤክሎሜታሶን የተባለው የስቴሮይድ ኢንሄለር፣ በብዙዎች አነጋገር «ፓፍ» ነው። ይህን መድኃኒት ለዓመታት በብዛት የወሰደ ሰው፣ አንድ ቀን ምንም ሳይመታው ክንዱ በልዞ ሊያገኘው ይችላል። ወደ ሳንባ የተሳበ መድኃኒት ክንድ ላይ ምን አደረሰው?

ከአንድ ፓፍ ሳንባ የሚደርሰው ከፊሉ ብቻ ነው። ቀሪው አፍና ጉሮሮ ላይ ይቀርና ከምራቅ ጋር ይዋጣል። የተዋጠው በጉበት ሲያልፍ ጉልበቱ ይቀንሳል። ሳንባ የገባው ግን በጉበት ሳያልፍ በቀጥታ ከደም ይቀላቀላል፤ ደም ደግሞ የማይደርስበት ቦታ የለም።

ቆዳችንን ኮላጅን የተባለ ፕሮቲን ደግፎ ይይዘዋል፤ ጭድ የጭቃ ግድግዳን እንደሚይዝ ማለት ነው። ስቴሮይድ የአየር ቧንቧን ብግነት ያበርዳል፤ ኮላጅን የሚሠሩትን ሕዋሳትም አብሮ ያደክማል። ጭዱ ሲሳሳ ግድግዳው ይሰነጠቃል። ቆዳም እንዲሁ ይሳሳል፤ ጥቃቅን የደም ሥሮች ድጋፍ አጥተው በትንሽ ግጭት ይበጠሳሉ፤ ቁስልም ቶሎ አይሽርም። በጠቆረ ቆዳ ላይ በለዙ እንደ ጥላ ስለሚመስል በቀላሉ አይለይም። ስለዚህ ክንድን በብርሃን ማየት ብቻ ሳይሆን፣ ቆዳው እንደ ወረቀት መሳሳቱን በጣት መዳሰስም ይጠቅማል።

ይህ በስንት ሰው ላይ ይደርሳል? በ1999 እ.ኤ.አ. የታተመ የአውሮፓ ጥናት 1,277 የሳንባ ሕመም ያለባቸውን አጫሾች ለ3 ዓመት ተከታትሏል። በቀን 800 ማይክሮግራም ቡዴሶናይድ የተባለውን ሌላ ስቴሮይድ ከሳቡት ከ100 10ሩ በልዘዋል፤ መድኃኒት የሌለበትን ኢንሄለር ከሳቡት ደግሞ 4ቱ። ልዩነቱ ስድስት ሰው ነው። ጉዳቱ በመጠንና በዕድሜ ይጨምራል። ለአዋቂ በቀን ከ1,000 ማይክሮግራም በላይ ቤክሎሜታሶን ከፍተኛ መጠን ይባላል፤ ከ500 በታች ግን ሥጋቱ አነስተኛ ነው።

በለዙን ፈርቶ ፓፉን መጣል ከድጡ ወደ ማጡ ነው። አስሙ ሲነሳ የሚታዘዘው ፕሬድኒሶሎን ኪኒን፣ አንዱ ፍሬ ብቻ 5 ሚሊግራም፣ ማለትም 5,000 ማይክሮግራም ነው። የሁለቱ መድኃኒቶች ጉልበት በቁጥር ብቻ ባይመዛዘንም፣ ኪኒኑ ወደ መላ ሰውነት የሚልከው ስቴሮይድ እጅግ ይበልጣል። የስቴሮይድ ኢንሄለር በ1972 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ የዋለውም ሰውነትን ከኪኒኑ ጉዳት ለማትረፍ ነበር። ፊት ለማቅላት የሚቀቡ አንዳንድ ክሬሞችም ስቴሮይድ አለባቸው፤ ፓፍ የሚጠቀም ሰው እነሱን ሲጨምር ቆዳው ድርብ ዕዳ ይሸከማል።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ፓፉን ስፔሰር በሚባል ውስጡ ባዶ በሆነ ዕቃ በኩል መሳብ ጉሮሮ ላይ የሚቀረውን ይቀንሳል። ሳንባ የሚደርሰው ስለሚጨምርም ሐኪሙ መጠኑን ዝቅ ሊያደርግ ይችላል። ስፔሰር ከሌለ ግማሽ ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ቂጡ ላይ በፓፉ አፍ ልክ ተበስቶ ያገለግላል፤ በደቡብ አፍሪካ አስም በተነሳባቸው ሕፃናት ላይ የአየር ቧንቧን በሚከፍት መድኃኒት ተሞክሮ ከሚሸጠው ስፔሰር ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ተገኝቷል። ከሳቡ በኋላ አፍን ተጉመጥምጦ መትፋት፣ ጭንብል ከተጠቀሙ ደግሞ ፊትን መታጠብ ያስፈልጋል። በማታር ሙቀት ፓፉን ፀሐይ ላይ አይተዉት፤ ከ30 ዲግሪ በታች በሆነ ጥላ ይቀመጥ።

አስም ያለበት ሰው መኝታም ከሉዋኩ ራቅ ይበል። ጭሱ ሲቀንስ አስሙ ይረጋጋል፤ አስሙ ሲረጋጋ ሐኪም የፓፉን መጠን መቀነስ ይችላል፤ ቆዳውም የሚያርፈው ያኔ ነው። ክንድዎ ከበለዘ ፓፉን ይዘው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱና ሁለቱንም ያሳዩ፤ በራስዎ ፈቃድ ግን አያቋርጡ።