ቤት ድረስ የሚሄደው አገልግሎት

እ.ኤ.አ. በ1986 እና 1987 በጃማይካ፣ በኪንግስተን ድሃ ሰፈሮች፣ ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 24 ወር የሆነ 129 የቀነጨሩ ሕፃናት ለጥናት ተመዘገቡ። የሳሊ ግራንትሃም-ማክግሪጎር ቡድን ልጆቹን በአራት መደባቸው። አንዱ ምድብ በየሳምንቱ አንድ ኪሎ የሕፃናት ወተት ያገኛል። ሁለተኛው ዘንድ የሰፈር ጤና ረዳት በሳምንት አንድ ሰዓት እየሄደች እናትና ልጅ እንዴት አብረው እንደሚጫወቱ ታሳያለች። ሦስተኛው ሁለቱንም ያገኛል፣ አራተኛው ሁለቱንም አያገኝም። መጫወቻው ከተጣለ ዕቃ የተሠራ ነበር። ይህ ለሁለት ዓመት ቀጠለ። ልጆቹ አድገው ሥራ ሲይዙ፣ ረዳቷ ትሄድላቸው የነበሩት ገቢ ከሌሎቹ በ25 በመቶ በልጦ ተገኘ። ወተቱ ብቻውን ግን እንዲህ ያለ ዘላቂ ውጤት አላሳየም። ለእኛ ሰው ይህን መቀበል ሳይከብድ አይቀርም፤ ልጅ በጨዋታ አይጠግብማ!

ቤት ድረስ የመሄዱ ሥራ ከዚህ ጥናት በጣም ይቀድማል። በእንግሊዝ የማንቸስተርና የሳልፎርድ በጎ አድራጊ ሴቶች በ1862 ስለ ንጽሕና የሚያስተምሩ ሴቶችን ቀጥረው ወደ ድሆች ቤት ይልኩ ነበር። የዛሬዎቹ የእንግሊዝ የጤና ጎብኚዎች የዚያ ሥራ ወራሾች ናቸው።

በአሜሪካ ስሙ ጎልቶ የሚነሳው ዴቪድ ኦልድስ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ በኒውዮርክ ክፍለ ግዛት፣ በኤልማይራ ከተማ፣ የመጀመሪያ ልጃቸውን ያረገዙ ሴቶችን ነርሶች ከእርግዝና ጀምሮ ልጁ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ቤታቸው እየሄዱ እንዲከታተሏቸው አደረገ። ከ15 ዓመት በኋላ ሲታይ፣ በእነዚህ ቤቶች የተመዘገበው የሕፃናት ጥቃትና ቸልተኝነት ከሌሎቹ ግማሽ ያህል ብቻ ነበር። የፌዴራሉ መንግሥትም በ2010 ለቤት ለቤት አገልግሎት በጀት መደበ። ይኸው ፕሮግራም እንግሊዝ ሄዶ ከ1,600 በላይ ወጣት እናቶች ላይ ሲሞከር ግን ልጆቹ ሁለት ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ በዋናዎቹ መለኪያዎች ለውጥ አላመጣም። ለእኔ ይህ ውድቀት አይደለም። እንግሊዛዊቷ እናት ያለ ፕሮግራሙም አዋላጅና የጤና ጎብኚ አላት፤ የኤልማይራዋ ግን ይህ አልነበራትም።

ከዚህ የሚከብደው የኮሎምቢያ ትምህርት ነው። በ96 ከተሞች የጃማይካው ዘዴ በአካባቢው እናቶች እጅ ለ18 ወራት ተሠራበት፤ የልጆቹም የአእምሮ ዕድገት ተሻሻለ። ጉብኝቱ ካበቃ ከሁለት ዓመት በኋላ ሲለካ ግን ልዩነቱ ጠፍቶ ነበር።

ማን ይሂድ የሚለውም ያከራክራል። አቪማ ሎምባርድ በ1969 በኢየሩሳሌም የጀመረችው «ሂፒ» የተባለው ፕሮግራም ነርስ አይልክም። የምትሄደው ከዚያው ማኅበረሰብ የወጣች፣ ብዙ ጊዜም ራሷ በፕሮግራሙ ያለፈች እናት ናት። ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የገቡ ቤተሰቦችም ተጠቃሚ ሆነውበታል። ዕብራይስጥ ገና ላልለመደች እናት፣ ቋንቋዋን የምታውቅ ጎረቤት ከባለ ዲግሪ እንግዳ ትሻላለች ብዬ አምናለሁ።

በአገራችን በር የሚያንኳኳ አልጠፋም። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ በአብዛኛው አንድ ዓመት የሠለጠኑ የአካባቢው ሴቶች፣ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው ተመድበዋል። ክትባት፣ መጸዳጃ ቤት፣ የቤተሰብ ዕቅድ፣ የእናቶች ጤና፣ ወባ፣ ሁሉም የእነሱ ነው፤ በዚያ ላይ ዘመቻና ሪፖርት አለ። «ልጁን አጫውቺው» የሚል ሌላ ፓኬጅ መጨመር በወረቀት ላይ ቀላል ነው። በሳምንት አንድ ሰዓት ለአንድ ልጅ መስጠት ግን ለእነዚህ ሴቶች የማይታሰብ ነው። አዲስ አበባ በቀዳማይ ልጅነት ፕሮግራሟ ወላጆችን ቤታቸው ሄደው የሚያማክሩ ሌሎች ሴቶችን ማሰማራቷ ለዚህ ትክክል ይመስለኛል። የፕሮግራሟ ሪፖርት ሲወጣ በመጀመሪያ የምፈልገው ግን ስንት ቤት እንደተደረሰ ሳይሆን አንዲት ባለሙያ ስንት ቤት እንደተሰጣትና በስንት ቀን አንዴ እንደምትመለስ ነው።