ጠጉረ ረጅሟ የሐበሻ ድመት በመተማ ቆላ

ከጎንደር ወደ ምዕራብ ቁልቁል ተወርዶ፣ ገንዳ ውኃ ታልፎ መተማ ዮሐንስ ሲደረስ፣ ሙቀቱ ገና ከመኪና ሳይወርዱ ይቀበላል። በመጋቢትና በሚያዝያ መለኪያው ከ40 ዲግሪ በላይ በሚወጣበት ጊዜ፣ የሰሊጥ መጋዘኑ ጠባቂ ጥላ ፈልገው ይቀመጣሉ፤ ድመታቸውም ከጆንያው ሥር በቀዝቃዛው ሲሚንቶ ላይ ተዘርግታ ትተኛለች። ጠጉሯ አጭር፣ ሰውነቷ ቀጭን፣ ጆሮዋ ትልቅ ነው። ለዚህ አገር ተለክታ የተሰፋች ትመስላለች።

ታዲያ ጠጉረ ረጅም ድመት በዚህ አገር እንዴት ትኖራለች? ጥያቄውን ያነሣነው ለጨዋታ አይደለም። ወደ ቆላ የተመደበ ወጣት ሠራተኛ ብቸኝነቱን ለመርሳት ድመት ያሳድጋል፤ በስልኩ የሚያየው የውጭ አገር ድመት ደግሞ እንደ በግ ጠጉራም ነውና ያስመኘዋል። ከነዚያ ዝርያዎች አንዲቱ ከአገራችን ስም ጋር የተያያዘች መሆኗን ግን ብዙ ሰው አያውቅም። ፈረንጆች «ሱማሌ» ይሏታል፤ «አቢሲኒያን» ለሚሏት ለሐበሻ ድመት ጠጉረ ረጅም እኅት ናት።

ነገሩ ከዚሁ ከቆላው ሰው ይጀምራል ብንል ማጋነን አይሆንብንም። የቋራው ካሣ፣ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ፣ በ1860 ዓ.ም. በመቅደላ ከወደቁ በኋላ፣ ጦርነቱ ሲያበቃ አንዲት ድመት ወደ እንግሊዝ አገር መወሰዷን ጎርደን ስቴብልስ የተባለ የባሕር ኃይል ሐኪም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1874 ባሳተመው የድመት መጽሐፍ ጽፏል። ስሟ ዙላ ነበር፤ የእንግሊዝ ጦር ከመርከብ የወረደበት የቀይ ባሕር ዳርቻ ስም መሆኑ ነው። እውነቱን ግን መደበቅ አይገባም። በሆላንድ አገር በሌይደን ቤተ መዘክር፣ ከዙላ አስቀድሞ በ1830ዎቹ ዓመታት የተገዛች ተመሳሳይ መልክ ያላት ድመት የሕንድ ለማዳ መሆኗን የሚገልጽ ጽሕፈት አለባት፤ በቅርብ ዘመን የተደረገው የዘር ምርመራም ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ያመለክታል። ስሙ የእኛ፣ ዘሩ የባሕር መንገደኛ ነው እንበል።

ከአጭር ጠጉራሞቹ ሐበሾች መካከል አልፎ አልፎ ጠጉረ ረጅም ግልገል ይወለድ ነበር። ረጅም ጠጉር ከእናትም ከአባትም ካልተወረሰ የማይገለጥ በመሆኑ፣ ሳይታይ ብዙ ትውልድ ይተላለፋል። አርቢዎች ይህን ግልገል እንደ ነውር ቆጥረው ለሰው ይሰጡት ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ ኤቭሊን ማግ የተባሉ አሜሪካዊት ግን እነዚህን የተናቁትን ማርባት ያዙ፤ በ1972 ማኅበር ተቋቋመላቸው፣ በ1979ም በአሜሪካ ለሻምፒዮና ውድድር በቁ። ሱማሌ የተባለችውም አገሩ የኢትዮጵያ ጎረቤት ስለሆነ ነው። በሁለቱ ድመቶች መካከል ያለው ልዩነት እንደ ወሰን መስመር ቀጭን ነው፤ መተማ ቆሞ ገላባትን የሚያይ ሰው ይህ ምሳሌ አይጠፋውም።

በግዙፍነት ሱማሌ አንደኛ አይደለችም። ከሰሜን አሜሪካ ከሜይን ግዛት የመጣው ሜይን ኩን ወንዱ 8 ኪሎ ሲሞላ፣ የእርሷ ወንድ 5 ኪሎ ገደማ ነው። ጅራቷ ግን የቀበሮ ጅራት ነው፤ አንገቷም ጎፈር አለው። ሜይን ኩን ለበረዶ አገር ድርብ ካፖርት የለበሰ እንስሳ ስለሆነ፣ እርሱን ወደ መተማ ማምጣት በእኛ አስተያየት ግፍ ነው። ሱማሌ የውስጥ ጠጉሯ ሳሳ ያለ በመሆኑ ትሻላለች፤ ይኸውም የሚጠነቀቅላት ካገኘች።

ድመት በመዳፏ ካልሆነ በቀር አታልባትም፤ ጠጉሯን በምራቋ አርሳ ትቀዘቅዛለች። አፏን ከፍታ እንደ ውሻ ካለከለከች አደጋ ደርሷል ማለት ነውና፣ ወደ ጥላ ወስዶ ሰውነቷን በውኃ በራሰ ጨርቅ ማበስና ፈጥኖ ሐኪም ዘንድ ማድረስ ያስፈልጋል። በቆርቆሮ ቤት ቆልፎባት ወደ ቢሮ የሚሄድ ሰው በምድጃ ውስጥ ትቷት ሄዷል። ሙቀት ነው ብሎ መላጨትም ስሕተት ነው፤ ጠጉሯ ፀሐዩንም ይከልላታል። በሳምንት ሁለት ጊዜ ማበጠር ይበቃል። ሣሩ በሚደርቅበት በጥቅምትና በኅዳር ግን የሣሩ ፍሬ በብብቷና በጣቶቿ መካከል ስለሚሰካ፣ ማታ ማታ መፈተሽ ይገባል።

ከሙቀቱ ይልቅ የሚያሰጋን የእኛው ገበታ ነው። የወጥ ትራፊ በእንጀራ ፈትፍቶ ለድመት መስጠት የኖረ ልማዳችን ነው። ሽንኩርት ግን ቀዩም ነጩም፣ ጥሬውም የበሰለውም፣ የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። በሐበሻና በሱማሌ ዘር ላይ ደግሞ ፒሩቬት ካይኔስ የተባለው ኢንዛይም ጎድሎ ደም ማነስ የሚያመጣ የውርስ ሕመም ስለሚገኝ፣ እንዲህ ላለችው ድመት ወጥ በቁስል ላይ እንጨት ነው። ድመት ያለ ሥጋ አትኖርም፤ ታውሪን የተባለው ንጥረ ነገር ሲጎድልባት ልቧና ዓይኗ ይጎዳል። ሽንኩርትና ቅመም ያልነካው ሥጋ ይሰጣት።

የእብደት በሽታ ክትባትም አይዘንጋ፤ በሽታው የውሻ ብቻ አይደለም። በየመጋዘኑ የሚረጨው የአይጥ መርዝ አይጧን የበላችውንም ድመት ይገድላል። ማኮላሸትም ያሻል፤ በዱሩ የሚኖረው የአፍሪካ የዱር ድመት የለማዳዎቹ ሁሉ የቅርብ ዘመድ ስለሆነ፣ የቤት ድመት እየተዳቀለው ዘሩን ያጠፋበታል።

ወደ መጋዘኑ ተመልሰን የጠባቂውን ድመት ጠጋ ብለን አየናት። በእያንዳንዱ ጠጉሯ ላይ ጥቁርና ቡናማ ቀለበት ነበረ፤ ልክ በፈረንጆቹ መጽሐፍ ሐበሻ እንደምትባለው። ስሟን ብንጠይቃቸው ጠባቂው ሣቁብንና ድመት ከመባል በቀር ሌላ ስም የላትም አሉን።