«ኪኒኑ አልሰራልኝም» ከማለታችሁ በፊት

በውስጥ መስመር በብዛት የሚደርሰኝ ጥያቄ ይሄ ነው፦ «የድባቴ መድኃኒት እውነት ይሰራል ወይስ ማደንዘዣ ነው?» ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር የምሠራበት ፋርማሲ ውስጥም ሳልሰማው የምውልበት ቀን ጥቂት ነው። ዛሬ ረዘም አድርጌ ልመልሰው። በአጭሩ «ይሰራል» ሲባል ሰው በሳምንት ተዓምር ይጠብቃል፤ ያ ሲቀር ደግሞ ኪኒኑን ጥሎ ይሄዳል።

እ.ኤ.አ. በ2018 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ አንድ ትልቅ ጥናት ወጥቶ ነበር። 522 ሙከራዎችን፣ ከ116 ሺህ በላይ ታካሚዎችንና 21 መድኃኒቶችን አንድ ላይ ያየ ነው። 21ዱም ምንም መድኃኒት ከሌለበት መሳይ ኪኒን በልጠው ተገኙ። በማሻል አቅም ከሁሉም ላይ የወጣው ደግሞ ውድና አዲስ መድኃኒት አልነበረም። እዚህ በየፋርማሲያችን መደርደሪያ የምናውቀው፣ አሮጌው አሚትሪፕቲሊን ነበር።

ብልጫው ግን የሚጋነን አይደለም። እንዲህ ባሉ ሙከራዎች መድኃኒቱን ከወሰዱ 100 ሰዎች 50 ያህሉ በደንብ ይሻላቸዋል፤ መሳዩን ኪኒን ከወሰዱት ደግሞ ከ35 እስከ 40 የሚሆኑት። ኧርቪንግ ኪርሽ የተባሉት የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ2008 ይህን ክፍተት አስልተው፣ በጣም ለከፋባቸው ታካሚዎች ካልሆነ በቀር ትርጉም ያለው ልዩነት አይደለም ብለው ነበር። ክርክሩ ዛሬም አልበረደም። እኔ በበኩሌ ከመቶ አሥር አሥራ አምስት ሰው ተጨማሪ ከአልጋው ተነስቶ ሥራ ከገባ፣ ልጆቹን ካቀፈ፣ ትንሽ ነው ለማለት አንደበቴ አይታዘዝልኝም።

አሁን ወደ ሰፈራችን ልምጣ። አንድ ባጃጅ ነጂ ወንድማችን መጥቶ «አቦ ይሄ ነገር እንቅልፍ ብቻ ነው የሚሰጠኝ፤ ልቤ እንደሆነ ያው እንደተጨነቀ ነው» አለኝ። ያመጣው ማሸጊያ የአሚትሪፕቲሊን ነው፣ ባለ 25 ሚሊግራም፤ ማታ ማታ አንድ ፍሬ። ወራት አልፎታል። መጀመሪያ ሲታዘዝለት ተመልሶ እንዲታይ ተነግሮት ነበር፤ ሥራው አልለቀው ብሎ ቀረ። የዓለም ጤና ድርጅት ለጤና ባለሙያዎች ባዘጋጀው መመሪያ 25 ሚሊግራም መነሻ ነው። ከዚያ በየሳምንቱ ከ25 እስከ 50 እየተጨመረ ለአዋቂ ሰው ከ100 እስከ 150 ይደርሳል። ስለዚህ ይህ ሰው በመነሻው ላይ ቆሞ ነው «አልሰራም» ያለው። መጠኑ ከደረሰ በኋላም ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት መጠበቅ አለ። እንቅልፉ ቶሎ ይመጣል፤ ስሜቱ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚነሳው።

አደራ፣ ይህን አንብቦ በራሱ የሚጨምር እንዳይኖር። አሚትሪፕቲሊን ሲበዛ ልብ የሚያቆም መድኃኒት ነው። የሚጨምረው ያዘዘው ባለሙያ ብቻ ነው፤ እሱም የልብ ሕመም አለመኖሩን ጠይቆ።

ቀጥሎ ያለው ነገር እኛን ኢትዮጵያውያንን በቀጥታ ይመለከተናል፤ ብዙ ሰው ስለማያውቀውም ሁሌ ይቆጨኛል። ጉበታችን ውስጥ ሲዋይፒ-2ዲ6 የሚባል ኢንዛይም አለ፤ አሚትሪፕቲሊንን ከመሳሰሉት መድኃኒቶች ብዙዎቹን የሚያፈርሰው እሱ ነው። አንዳንድ ሰው ይህን ኢንዛይም የሚሠራው ዘረመል ከተለመደው በላይ ተደራርቦ ይወለዳል። መድኃኒቱን ቶሎ ስለሚያፈርሰው ደሙ ውስጥ በቂ መጠን አይቀርም። ዶክተር እሌኒ አክሊሉና በስዊድኑ ካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት ያሉ ባልደረቦቻቸው በ1996 ባወጡት ጥናት፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው ይህ የተደራረበ ዘረመል ነበራቸው። ስዊድናውያን ዘንድ አንድ ወይም ሁለት በመቶ ቢሆን ነው። እንግዲህ አስቡት፦ በእጃችን በብዛት ያለው መድኃኒት፣ ከእኛ ውስጥ ብዙዎች ቶሎ የሚያፈርሱት ዓይነት ነው። «ሰነፍ ሆኜ ነው፣ እምነቴ ጎድሎ ነው» እያለ ራሱን የሚወቅስ ሰው ሳይ ይህን ልነግረው የምቸኩለው ለዚህ ነው። ጉበትህ ፈጣን ሊሆን ይችላል ወንድሜ። መጠኑ ተስተካክሎ፣ ጊዜው ተጠብቆ ካልሰራ፣ በዚህ ኢንዛይም ብዙ የማይመካ እንደ ሰርትራሊን ያለ ሌላ መድኃኒት አለ።

የጫቱ ነገርስ? ድሬ ላይ ስለ ኪኒን አውርቶ ጫትን መዝለል አይቻልም። እነዚሁ ተመራማሪዎች በ2002 አገር ቤት ያሉና ስዊድን የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን ሲያነጻጽሩ፣ ዘረመሉ አንድ ሆኖ የአገር ቤቶቹ ኢንዛይም ቀርፋፋ ሆኖ አገኙት። ከምግብ ወይም ከአካባቢ የሚመጣ አንድ ነገር እየያዘው ነው ማለት ነው። በ2015 ደግሞ ጫት ራሱ ይህን ኢንዛይም እንደሚያዳክም በሰው ላይ ተለክቶ ታየ። ስለዚህ ያ የ25 ወይም የ100 ሚሊግራም ኪኒን፣ በቃምክበት ሳምንትና ባልቃምክበት ሳምንት እኩል ላይሠራ ይችላል። ጫት የልብ ምትና የደም ግፊትንም ስለሚጨምር ከአሚትሪፕቲሊን ጋር ሲገናኝ ጫናው በልብ ላይ ነው። ይባስ ብሎ ኪኒኑን ምርቃና መስበሪያ፣ እንደ ጨብሲ የሚጠቀምበት አለ። ከሰዓት በርጫ፣ ሌሊት ያለ እንቅልፍ፣ ጠዋት ድብርት፤ ይህ እየዞረ ባለበት የትኛውም መድኃኒት አቅሙን ማሳየት ይቸግረዋል። ጫት የሚቅም ሰው መድኃኒት አይገባውም እያልኩ አይደለም። ሐኪሙ ፊት ስትቀመጡ ግን አትደብቁ፤ ምን ያህል፣ በምን ሰዓት እንደምትቅሙ ንገሩት።

ሙቀቱም አለ። አሚትሪፕቲሊን አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያስራል፣ ላብ ይቀንሳል፣ ድንገት ሲነሱ ያዞራል። በግንቦት ፀሐይ ውጭ የሚውል ሰው ውሃ ከእጁ አይለየው። ጫትም አፍ ስለሚያደርቅና ሆድ ስለሚያስር ሁለቱ ሲደመሩ ይበረታል። ጾሙ ግን አያስቸግርም፤ ማታ አንዴ የሚወሰድ ስለሆነ በረመዳን ከአፍጥር በኋላ ይዋጣል። ጸበል የሚጠመቅም ሆነ ቁርኣን የሚቀራለት ሰው ኪኒኑን የሚያቋርጥበት ምክንያት የለም።

ደህና ከሆናችሁም በኋላ ያለው ጊዜ ወሳኝ ነው። በ2003 የ31 ሙከራዎች ውጤት ሲደመር፣ ከተሻላቸው በኋላ መድኃኒቱ ከቀረባቸው 41 በመቶው ሲያገረሽባቸው፣ ከቀጠሉት ያገረሸባቸው 18 በመቶ ነበሩ። ምልክቱ ከጠፋ በኋላ ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ወር መቀጠል የሚመከረው ለዚህ ነው። ሲቆምም ቀስ በቀስ ነው።

ለቀላል ድባቴ ግን ብዙ ጊዜ ኪኒን የመጀመሪያው ምርጫ አይደለም። ምክር፣ እንቅስቃሴ፣ የእንቅልፍ ሰዓትን ማስተካከል ይቀድማል። ከዚህ በፊት ያለ ምክንያት ደስታ የሚያሰክረው፣ ቀናት ሳይተኛ ጉልበት የሚሞላው ጊዜ የነበረ ሰውም ይህን አስቀድሞ ይናገር፤ ለእሱ የድባቴ መድኃኒት ለብቻው ሲሰጥ ወደዚያ ሊገፋው ይችላል።

የመጨረሻው ለቤተሰብ ነው። መድኃኒቱ በተጀመረባቸው ሳምንታት፣ በተለይ ዕድሜው ከ25 በታች የሆነ ሰው ላይ፣ ራስን የመጉዳት ሐሳብ ሊበረታ ይችላል። እንዲህ ያለ ንግግር ከሰማችሁ ኪኒኑን እናንተ ያዙት፤ የየቀኑን ብቻ ስጡት። ፋርማሲውንም የሳምንት የሳምንቱን ብቻ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። ሐሳቡ ከጠናበት ብቻውን አትተዉት፤ በሌሊትም ቢሆን አብራችሁት ወደሚቀርባችሁ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።