ኔትወርክ ሲደክም የሚጠብቁ ጨዋታዎች

ጨፋ ሮቢት ላይ ወጣቱ «ጌም» ሲል ብዙውን ጊዜ ፕሌይስቴሽን ቤት የሚጫወተውን ፊፋ፣ አለዚያም በስልኩ የጫነውን ፐብጂና ፍሪ ፋየር ማለቱ ነው። ከሚሴም ኮምቦልቻም ያው ነው። ፊፋው ኢንተርኔት ስለማይፈልግ ችግር የለበትም። የተኩስ ጨዋታ ግን ለደካማ ኔትወርክ ምሕረት የለውም። አነጣጥረህ ሳለ ዳታው ሁለት ሰከንድ ቆሞ ሲመለስ አንተ ሞተሃል፣ ጓደኞችህ ደግሞ ይሰድቡሃል። ሰርቨሩ ያለው ባሕር ማዶ ስለሆነ ያንተ ጥይት እስኪደርስ የዚያኛው ቀድሟል። እጅህ ፈጣን ቢሆንም የሚያድንህ አይደለም።

በእኛ ዘንድ ብዙም የማይወራለት ሌላ ዓይነት አለ፤ የብዙ ተጫዋቾች የሚና ጨዋታ፣ ተጫዋቾቹ በአጭሩ ኤምኤምኦ የሚሉት። አንድ ሰው ትፈጥራለህ፣ ስም ታወጣለታለህ፣ ሙያ ታስተምረዋለህ። በዚያው ዓለም ውስጥ ሺህ ሌሎች ሰዎች በየፊናቸው ይነግዳሉ፣ ያርሳሉ፣ ይዋጋሉ፤ አንተ ስልክህን ዘግተህ ብትተኛም ዓለሙ አይተኛም። በዚህ ዘርፍ ስሙ ከሁሉ በላይ የሚጠራው ዎርልድ ኦፍ ዎርክራፍት ነው፤ እሱ ግን ጠንከር ያለ ኮምፒውተርና በየወሩ የሚከፈል ዶላር ይፈልጋል። እኔ እዚህ የማነሣቸው ከእሱ ጥላ ሥር የቀሩትን ነው። የመረጥኩበት ሚዛንም ውበታቸው አይደለም። ዳታው ሲንቀራፈፍ ይጠብቃሉ ወይስ ትተውህ ይሄዳሉ? የኪስህንስ አቅም ያውቃሉ? (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኦልድ ስኩል ሩንስኬፕ በዓለም ደረጃ ያልታወቀ አይደለም፤ እኛ ሰፈር ግን ስሙ ሲነሣ አይሰማም። መነሻው በ2001 እንግሊዝ አገር ውስጥ አንድሩ ጋወርና ወንድሙ ፖል ያወጡት ሩንስኬፕ ነው። አሳታሚው ጃጌክስ ጨዋታውን እያዘመነ ሲሄድ የቆዩት ተጫዋቾች አኮረፉ። በ2013 ድምፅ ስጡ ተባሉ፤ ወደ 450,000 የሚጠጋ ድምፅ ተሰጠና የ2007ቱ ቅጂ ከተቀመጠበት ወጥቶ እንደገና ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ ዋና ዋና ለውጦች የሚገቡት ተጫዋቹ ድምፅ ሰጥቶባቸው ነው። ማለፊያው 75 በመቶ ነበር፤ በ2022 ወደ 70 ዝቅ ብሏል። በ2018 ደግሞ ወደ ስልክ መጣ፤ ለእኛ ቁም ነገሩ ይኼ ነው።

ይህ ዓለም የሚንቀሳቀሰው በየ0.6 ሰከንዱ ነው። የምታዘው ሁሉ፣ መራመዱም፣ መምታቱም፣ እንጨት መቁረጡም፣ የሚቀጥለውን ምት ጠብቆ ይፈጸማል። እንግሊዝና ጀርመን ውስጥ ሰርቨሮች አሉት፤ ከዚያ የሚመጣው መልእክት ሩብ ሰከንድ ቢዘገይ እንኳ በዚያው ምት ውስጥ ይገባል፤ ስለዚህ ለንደን ያለ ልጅና ከሚሴ ያለ ልጅ ያላቸው ልዩነት እምብዛም አይታወቅም። መልኩ ሻካራ ነው፤ ሰዎቹ በመጥረቢያ የተጠረቡ ይመስላሉ። በዚሁ ምክንያት ግን ርካሽ ስልክም ይሸከመዋል።

ብዙ ጀማሪ የሚያልፍባት አንዲት ሥራ አለች። ሉምብሪጅ በሚባለው ቤተ መንግሥት ወጥ ቤት ውስጥ ምግብ አብሳዩ ተጨንቆ ይጠብቅሃል። የመስፍኑ ልደት ደርሷል፣ ኬኩ ገና ነው፤ እንቁላል፣ ወተትና ዱቄት አምጣልኝ ይልሃል። ባልዲ ይዘህ ሄደህ ላም ታልባለህ። ስንዴውን ከማሳው ትቆርጥና ወፍጮ ቤቱ የመጨረሻ ፎቅ ድረስ ተሸክመህ ትወጣለህ፤ ከላይ ትጨምረዋለህ፣ ማንሻውን ትስባለህ፣ ከዚያ ወርደህ ዱቄቱን ከታች ትቀበላለህ። ቦርከና ዳር ላደገ ልጅ ላም ማለብ ሙያ ሆኖ አያውቅም፤ እንግሊዞች ጀብዱ ብለው ሲቆጥሩለት ማየት ያስቃል። ከዚህ ትንሽ ሥራ በኋላ ዓለሙ እየሰፋ ይሄዳል፤ ዓሣ ማጥመድ፣ ብረት ማቅለጥ፣ እርሻ፣ ንግድ እያለ ለዓመታት አያልቅም።

አንድ ጥቅሙን ደግሞ ከዚህ አካባቢ ሰው በላይ የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም። በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ሳውዲ የሄደ ዘመድ የሌለው ቤት ጥቂት ነው። ጅዳ ያለ ወንድምና ጨፋ ያለ ወንድም አንድ ኩሬ ዳር ቆመው ዓሣ እያጠመዱ ሲጨዋወቱ ሊያመሹ ይችላሉ፤ የሚበላውም ዳታ ከቪዲዮ ጥሪ በእጅጉ ያነሰ ነው። እጅ ሥራ ስለያዘ ደግሞ ወሬ ያለቀበት ሰው ዝም ቢል ቅር አያሰኝም።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ነፃው ክፍል ብቻውን ወራት ያጫውታል። ሙሉው አባልነት በወር ከ10 ዶላር ይበልጣል፤ በጁላይ 2024 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ ዓለም አቀፍ ካርድ ለሌለው ደግሞ ዋጋው ረከሰ ተወደደ ምንም አይፈይድለትም። መውጫው ቦንድ የሚባለው ነው። በጨዋታው ውስጥ ለፍተህ ያጠራቀምከውን ወርቅ ሰጥተህ ቦንድ ትገዛለህ፣ በእሱም አባልነትህን ትከፍላለህ። ብዙ ላብ ይጠይቃል፤ ግን ይቻላል።

ወርቁን አውጥቶ በእውነተኛ ገንዘብ መሸጥ ግን ሌላ ነገር ነው። ቬኔዙዌላ ኢኮኖሚዋ ሲንኮታኮት ብዙ ወጣቶች ቀን ከሌት አረንጓዴ ዘንዶ እየገደሉ ያገኙትን በዶላር ይሸጡ ነበር፤ ታሪኩም በዓለም ዜና ላይ ወጥቷል። እሱን ሰምቶ «እኔም እንጀራ አገኘሁ» የሚል ካለ የጨዋታው ሕግ እንደሚከለክለው፣ ሲነቃበትም የዓመታት አካውንቱ እንደሚዘጋበት ይወቅ። «ወርቅህን ስጠኝና እጥፍ አድርጌ ልመልስልህ» የሚል ሰውም ገበያው መሐል አይጠፋም። ሁለት ጊዜ በትክክል ይመልስልሃል፤ ሦስተኛው ላይ ከነወርቅህ ይሰወራል።

በስልክ የሚሠራ ሌላ ጨዋታ አልቢዮን ኦንላይን ነው፤ በርሊን የተሠራ፣ በ2017 የወጣ። ልብሱም ሰይፉም ተጫዋቹ ራሱ ሠርቶ ለገበያ ያቀረበው ነው። ከኮምቦልቻ ገዝቶ ከሚሴ የሚሸጥ ሰው ትርፉ ከየት እንደሚመጣ ወዲያው ይገባዋል፤ የአንዱ ከተማ ዋጋ ከሌላው ስለሚለይ ጭኖ መጓዝ ያዋጣል፣ መንገዱ ላይ ግን ሽፍታ አለ። አደገኛው ቀጠና ውስጥ ከሞትክ የያዝከውን ሁሉ ታጣለህ። በ2024 ለአውሮፓ የተለየ ሰርቨር መከፈቱ ለእኛም ጠቅሞናል። ይሁን እንጂ ፍልሚያው ፍጥነት ይፈልጋል፤ ደካማ ኔትወርክ ያለው ሰው ንግዱና እርሻው ላይ ቢያተኩር ይሻለዋል። ቲቢያን ለታሪኩ ያህል ላንሣው፤ በ1997 ጀርመን ሬገንስበርግ ውስጥ ተማሪዎች የሠሩት ነው፣ ብራዚሎችና ፖላንዶች እስከ ዛሬ ይሞቱለታል፣ ድምፅ የገባለት በ2022 ነው። ሃያ አምስት ዓመት ድምፅ ሳይኖረው ተወደደ!

ኮምፒውተር ላለው ሰው የማደላው ለኤ ቴል ኢን ዘ ዴዘርት ነው። በ2003 የወጣ ሲሆን መድረኩ ጥንታዊት ግብፅ ናት። ጠብ የለም፤ የሚገደል ጭራቅ እንኳ የለም። ተጫዋቾች ከናይል ዳር ጭቃ እያወጡ ጡብ ይሠራሉ፣ ተልባ ይዘራሉ፣ ብቻውን የማይጨረሰውን ግንባታ ተባብረው ያቆማሉ። (ውኃው ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ ገጸ ባሕርይ ቢኖርበት ለእኛ በጣፈጠ።) ከሁሉ የሚገርመው ሕግ ማውጣት ይችላሉ። አንዱ የሕግ ሐሳብ ይጽፋል፣ ፊርማ ያሰባስባል፣ ድምፅ ይሰጥበታል፤ ካለፈ ሠሪዎቹ በጨዋታው ውስጥ ያስገቡታል። ተመርጦ ሹም የሚሆን ሰው ደግሞ እስከ ሰባት ተጫዋቾችን ለዘለቄታው የማባረር ሥልጣን አለው፤ ስለዚህ ምርጫው የቀልድ አይደለም። ያ ዓለም የተወሰነ ዘመን ከኖረ በኋላ ይዘጋና ሁሉም እንደገና ከባዶ ይጀምራል። እኔ ስለ መንግሥት ብዙ መጽሐፍ ካነበበ ሰው ይልቅ አንድ ዘመን እዚህ ውስጥ ሹመት የሞከረውን አምናለሁ።

ዉርም ኦንላይንም የልፋት ጨዋታ ነው። በ2006 ስዊድን ውስጥ ሲወጣ ከሁለቱ ጀማሪዎቹ አንዱ ኋላ ማይንክራፍትን የሠራው ማርከስ ፐርሰን ነበር። መሬቱን በአካፋ ትቆፍራለህ፣ ታስተካክላለህ፣ መንገድ ታወጣለህ፤ የቆፈርከው ጉድጓድ ነገም እዚያው ነው፣ ሌላው ሰው ይገባበታል። አንድ ሥራ ካዘዝክ በኋላ እስኪፈጸም ስለምትጠብቅ ኔትወርኩ ቢያነክስ የሚጎዳህ ነገር የለም። ትዕግሥት የሌለው ሰው ግን በመጀመሪያው ቀን ጥሎት ይወጣል።

ኪንግደም ኦቭ ሎዚንግ የሚባለው በ2003 የወጣ የአሜሪካኖች ቧልት ነው። ሥዕሎቹ ልጅ ደብተር ላይ የሚጭራቸው ዓይነት የእንጨት ሰዎች ናቸው፣ ገንዘቡ ሥጋ ነው፣ የሚሠራውም በብራውዘር ብቻ ነው። በቀን የሚሰጥህ ሥራ 40 ገደማ ነው፤ ምግብና መጠጥ ይጨምርልሃል፣ ከዚያ ግን «ነገ ና» ትባላለህ። በረመዳን ከኢፍጣር በኋላ ለግማሽ ሰዓት ብቻ ስልክ ለሚይዝ ሰው ልኩ ነው። ሁለት ነገር ግን ልንገራችሁ፤ ቀልዱ ጠለቅ ያለ እንግሊዝኛ ይፈልጋል፣ መጠጡም ኮክቴል ነው። ይህ የማይመቸው ቤት ይኖራል።

ወደ ጽሑፍ ጨዋታዎች ስመጣ ብዕሬ ይፈታል። የዚህ ዘርፍ አያት በ1978 ኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሮይ ትረብሾ ጀምሮት ሪቻርድ ባርትል የጨረሰው መድ የሚባል ጨዋታ ነው። ሥዕል የለውም፤ «ጠባብ መንገድ ላይ ቆመሃል፣ በስተሰሜን ጫካ ይታይሃል» ይልሃል፣ አንተም «ሰሜን» ብለህ ትጽፋለህ። ከዩኒቨርሲቲው ውጭ ያሉት የሚገቡት ኮምፒውተሩ ሥራ በሚፈታበት ሌሊት ነበር፤ የሌሊት ፓኬጅ ገዝቶ የሚያመሽ የእኛ አገር ልጅ ይህን ሲሰማ ዘመዱን ያገኘ ይመስለዋል። የዚያ ጨዋታ ልጆች ዛሬም አሉ። ዲስክወርልድ ከ1991፣ አርድዎልፍ ከ1996 ጀምሮ በነፃ ይጫወቱባቸዋል፤ አኬያም ከ1997 ጀምሮ አለ፤ መግባቱ በነፃ ነው፣ ተጨማሪውን ያስከፍላል።

ዳታው ምንም ያህል አይደለም። አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ስለሆነ በ1 ሜጋባይት ወደ አንድ ሚሊዮን ፊደል ይነበባል፤ ወፍራም መጽሐፍ ማለት ነው። ኔትወርኩ ወደ ሁለተኛ ትውልድ ሲወርድ ፌስቡክ እንኳ በማይከፈትበት ሰዓት ይሠራል። ለኮምፒውተር መድሌት የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ለዓይነ ስውራንም ከዚህ የተሻለ ጨዋታ ማግኘት ይከብዳል፤ ስክሪን ሪደሩ ጽሑፉን ያነብላቸዋል፣ እነሱም ይጽፋሉ፣ ከሚያየው ተጫዋች የሚያንሱበት ነገር የለም። ጉድለቱ ቋንቋው ነው። እንግሊዝኛህ ደካማ ከሆነ ሥዕል አይደግፍህም፤ የግዕዝ ፊደልም ከብዙዎቹ ውስጥ አይገባም፤ አበሻ ለአበሻ ሲያወራ በላቲን ፊደል ነው።

ትንንሽ ጨዋታ ሲሞት ደግሞ አልቃሹ ጥቂት ነው። ግሊች የተባለው ውብ ዓለም በ2012 ተዘጋ፤ ሠሪዎቹ ለራሳቸው የሥራ ግንኙነት ያበጁት መሣሪያ ስላክ ሆኖ ከበሩ፣ ጨዋታውን ግን የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው። አንድ ሰው ብቻውን በ2005 የሠራው ኧርባን ዴድ በ2025 ተዘጋ፤ ምክንያቱ የብሪታንያ አዲስ የኦንላይን ደኅንነት ሕግ ለአንድ ሰው የማይቻል ሸክም መሆኑ ነበር። ራይዞም የተሻለ ዕድል ገጠመው፤ በ2004 ወጥቶ ከኪሳራ ወደ ኪሳራ ሲንገላታ ቆይቶ በ2010 ኮዱ ለሁሉም በነፃ ተለቀቀ። ኮዱ በእጁ ያለ ሰው ባለቤቱ ቢሞት እንኳ ሰርቨሩን ራሱ ያስነሣዋል።

ለአማራ ክልል ይህ ነጥብ የምር ነው። በኦገስት 2023 የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ከላይ የዘረዘርኳቸው ሁሉ አብረው ጠፉ፤ የሚጠብቅ ጨዋታም ወራት አይጠብቅም። በአንድ ግቢ ውስጥ የሚሠራ ጨዋታ ግን ኢንተርኔት አያስፈልገውም። ኤቬኒያ የሚባል ነፃ የመድ መሥሪያ አለ፤ የሚጻፈው በፓይተን ነው፣ የግዕዝ ፊደልንም የአፋን ኦሮሞን ቁቤንም ያለችግር ይቀበላል። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪ የሚያውቀው ቋንቋ ነው። አንድ ላፕቶፕና አንድ የዋይፋይ ሳጥን ካለ ዶርም ሙሉ ልጅ በየስልኩ ብራውዘር ይገባበታል። ካርታውን ከየት አመጣለሁ የሚል ካለ የጨፋ ረግረግ ከእነ በጋው ሕዝቡ ይበቃዋል፤ ከአፋር ከብቱን እየነዳ የሚመጣው፣ ከዚሁ ያለው ኦሮሞ፣ አርጎባው፣ ሳሩና ውኃው እያነሰ ሲሄድ የሚነሣው ክርክር፣ ሽማግሌዎቹ። ኤ ቴል ኢን ዘ ዴዘርት ግብፅን ይዞ ሕግ ያስወጣ ከሆነ፣ እዚህ ደግሞ የግጦሽ ሕጉን ተጫዋቹ ያውጣው።